ከቆጣሪው ወደ መኪናው፦ የቤት ቻርጀርና የሚመጥነው ሶኬት አመራረጥ

ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። «ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸተኛል፤ ከየት እንደሆነ ግን ጠፋኝ» አለኝ። የእጅ ባትሪ ይዘን መኪናው ወደሚያድርበት ገባን። አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪናው ቻርጅ ላይ ነው፤ በገመዱ መሃል ያለችው ሳጥንም አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ሁሉ ሰላም ይመስላል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ስናይ ግን ነጩ ፊቱ እንዳረረ ቂጣ ጠቁሯል፤ አንደኛው ቀዳዳም ቀልጦ ተጣሟል። ብሬከሩን አወረድነው፤ ከብዙ ደቂቃ በኋላም ስፒናው በእጅ አይያዝም ነበር።

«ብሬከሩ ምነው ዝም አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ብሬከሩ በደሉ የለበትም። ባለ 20 አምፔር ነው፤ ቻርጀሩ ደግሞ የሚስበው 16 አምፔር ብቻ ነው። ብሬከር የሚቆጥረው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሶኬቱን ትኩሳት አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለው ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ሆኗል። ሻጩ ስለ ባትሪውና ስለ ስክሪኑ አብራርቶ ይነግረናል። ስለ ግድግዳችን የሚነግረን ግን የለም። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ቻርጀሩን እንገዛለን፣ ቀጥሎ የሚሰካበት እንፈልጋለን፣ ሽቦውን የምናስታውሰው ሲሸተን ነው። ይህ መመሪያ ነገሩን ገልብጦ ከቆጣሪው ይነሣል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነውና።

1. በቀን የሚነዱትን ይቁጠሩ

ቻርጀር ሲታሰብ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ባዶ ባትሪ ነው። ነገር ግን ባትሪው ባዶ ሆኖ ቤት የሚገባበት ቀን ጥቂት ነው። በየማታው የሚተካው የዕለቱ ጉዞ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ጉዞዎን ከመኪናው ሰሌዳ ላይ ይመዝግቡና ለሰባት ያካፍሉት።

ለምሳሌ ከአያት ሜክሲኮ እየተመላለሱ ይሠራሉ እንበል። ልጅ ከማድረሱና ከገበያው ጋር በቀን 40 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለ40 ኪሎ ሜትር 6 ይሆናል ማለት ነው። በመሙላት ላይ የሚባክነው ሲጨመርበት ከግድግዳው የሚወጣው 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ በእርሱ ይለካል።

2. የመኪናውን መግቢያ ይመልከቱ

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የቻርጅ መግቢያውን ክዳን ከፍተው ፎቶ ያንሡት። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡት ጂቢ/ቲ የሚባለውን መግቢያ ይይዛሉ፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ታይፕ 2 የሚባለውን። ሁለቱም ሰባት ሰባት ፒን ስላላቸውና ቅርጻቸውም ስለሚመሳሰል ሻጭም ገዢም ይሳሳትባቸዋል። መለያቸው ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች እንደሚሉት አንደኛው ወንዴ ነው፣ ሌላኛው ሴቴ። መኪናው ላይ ያለው መግቢያ ውስጥ ዘንጎች ቆመው ከታዩ ታይፕ 2 ነው፤ ዘንጎቹን የሚቀበሉ ቀዳዳዎች ብቻ ከታዩ ጂቢ/ቲ ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ ባለ አምስት ፒን ክብ መግቢያ፣ ታይፕ 1፣ ሊያጋጥምዎ ይችላል።

አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር አዳፕተር ገበያ ላይ አለ፤ መንገድ ላይ ለተቸገረም ይጠቅማል። ለየማታው ሥራ ግን አይመረጥም። በመስመሩ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሊግል የሚችል አንድ ተጨማሪ ቦታ ነውና፣ ገመዱ ከመኪናዎ ጋር በቀጥታ የሚገጥም ቻርጀር ይግዙ።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር መኪናው ራሱ መቀበል የሚችለው መጠን ነው። ግድግዳ ላይ የምንሰቅለውን ሳጥን ቻርጀር ማለት ለምደናል እንጂ እውነተኛው ቻርጀር ያለው መኪናው ውስጥ ነው። ሳጥኑ ጠባቂ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ለመኪናው «እስከዚህ ድረስ መሳብ ትችላለህ» ይለዋል፣ መኪናው ደግሞ ከአቅሙ በላይ አይስብም። ቢዋይዲ ሲገል ለምሳሌ በቤት ኤሌክትሪክ የሚቀበለው እስከ 6.6 ኪሎ ዋት ነው። 22 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ሳጥን ቢሰቅሉለትም ከዚያ አያልፍም፤ የከፈሉበት ትርፍ ጉልበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ቁጥሩ በመኪናው መጽሐፍ ላይ አለ፤ ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡት።

3. ቆጣሪውንና ፓናሉን ያንብቡ

አሁን ወደ ግቢው በር ይሂዱ። የብዙ ቤት መስመር ሲንግል ፌዝ፣ 220 ቮልት ነው። ቆጣሪው ፊት ላይ 5(60) የሚመስል ጽሑፍ ካዩ ቆጣሪው እስከ 60 አምፔር መቁጠር ይችላል ማለት እንጂ ቤትዎ 60 አምፔር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ልኩን የሚያሳየው ዋናው ብሬከር ላይ ያለው ቁጥርና ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ ውፍረት ነው።

ቀጥሎ ቤቱ የሚስበውን ይደምሩ። ከሁሉ የሚከብደው ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ 3.5 ቢሆን 16 አምፔር ነው። ይህን ማወቅ ለቻርጀሩም ጥሩ መለኪያ ይሰጣል። በ16 አምፔር ቻርጅ ማድረግ አንድ ምጣድ ጥዶ እንደ ማደር ነው። በ32 አምፔር ቻርጅ ማድረግ ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ጥዶ እንደ ማደር ነው። ልዩነቱ ምጣዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይወጣል፤ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊስብ ይችላል። ለምጣድ የበቃ መስመር ሁሉ ለመኪና የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ስሌቱን በአንድ ቤት እንየው። ዋናው ብሬከር 32 አምፔር ነው። ለብዙ ሰዓት ለሚዘልቅ ጭነት ከብሬከሩ ልክ 80 በመቶውን ብቻ መቁጠር ጥንቃቄ ነው፤ 25 አምፔር ግድም ይቀራል። ሌሊት ማቀዝቀዣውና ጥቂት አምፖሎች 4 አምፔር ቢወስዱ 21 ይተርፋል። ባለ 16 አምፔር ቻርጀር ያድራል፣ ምጣዱ እስካልተጣደ ድረስ። ባለ 32ቱ ግን ለዚህ ቤት አይሆንም። እርሱን የሚፈልግ ሰው ሳጥኑን ከመግዛቱ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሄዶ ኃይል ማስጨመር ወይም ስሪ ፌዝ ማስገባት አለበት። ቤትዎ ስሪ ፌዝ ካለው ደግሞ ባለሙያው ቻርጀሩን ምጣዱ ባልተቀመጠበት ፌዝ ላይ እንዲያስቀምጠው ይንገሩት።

እግረ መንገድዎን ቮልቴጁንም ያስለኩ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አንዴ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አንዴ። ሰፈሩ እራት በሚያበስልበት ሰዓት 180 የሚወርድ ቤት ሌሊት 215 ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ቻርጀሮች ቮልቴጅ ሲወርድ ራሳቸውን ያቆማሉ፤ የተበላሹ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። «ስታብላይዘር አስገባበት» የሚል መካሪም አይጠፋም፤ ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ የተገዛ ስታብላይዘር ግን የመኪናን ጭነት አይችልም። የሚሻለው መኪናው ከሌሊቱ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት በኋላ ቻርጅ እንዲጀምር ማዘዝ ነው፤ አብዛኞቹ መኪኖች ይህን ከስክሪናቸው ይቀበላሉ።

4. አምፔሩን ይወስኑ

ለቤት የሚሆኑት በተለምዶ ሦስት እርከኖች ናቸው።

10 አምፔር፣ 2.2 ኪሎ ዋት። የቀን 40 ኪሎ ሜትርዎን ከሦስት ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይተካል። አሥር ሰዓት ቢያድር 120 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ይሞላል።

16 አምፔር፣ 3.5 ኪሎ ዋት። ያንኑ 40 ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ይተካል፤ በአሥር ሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ።

32 አምፔር፣ 7 ኪሎ ዋት። በአንድ ሰዓት ይጨርሳል፤ በአሥር ሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ።

አሁን በመጀመሪያው ደረጃ የያዙትን ቁጥር ያውጡና ያስተያዩ። መኪናው ከምሽቱ ሦስት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚያድር ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት አለዎት። ሥራው በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ ሁለተኛውን ምጣድ ለምን ይጥዳሉ? ለአብዛኛው የከተማ ቤተሰብ 16 አምፔር ይበቃል። 32 አምፔር የሚያስፈልገው ቀን በራይድ የሚሠራ ሾፌር፣ ሁለት መኪና ያለው ግቢ ወይም በየሳምንቱ አዳማና ሐዋሳ የሚመላለስ ሰው ነው። የኃይል መቆራረጥ ለሚበዛበት ሰፈር ነዋሪም መብራት ባለበት ሰዓት ቶሎ መሙላት ጥቅም አለው።

አምፔሩን ከሳጥኑ ላይ ዝቅና ከፍ ማድረግ የሚቻልበትን ቻርጀር ቢመርጡ ደግሞ ቤቱ ሲጨናነቅ 10፣ ሲያርፍ 16 እያደረጉ ይጠቀሙበታል።

5. የሚመጥነውን ሶኬት ይምረጡ

የጎረቤቴ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። ከመኪናው ጋር የመጣው ገመድ ስፒናው ቻይና ሠራሽ፣ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ። በመሃላቸው ከሱቅ የገዛትን ትንሽ አዳፕተር አስገባ። አዳፕተሯ ለስልክና ለላፕቶፕ የተሠራች ናት። ኧርዝ፣ ማለትም የመሬት መስመር፣ የምታስተላልፍበት ነገርም የላትም።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የላላ መጋጠሚያ አንድ አሥረኛ ኦም ቢያክል መከልከያ ሆኖ፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 25 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። የሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት ዘንግ የዚሁ ያህል ነው። ያን የመሰለ ዘንግ ሶኬትዎ ውስጥ ሰክተው ተኙ ማለት ነው። አምፔሩ ወደ 32 ሲያድግ ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከመቶ ዋት በላይ።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ነው።

ለ10 አምፔር፦ ጎንና ጎኑ ላይ የኧርዝ ምላስ ያለው፣ 16 አምፔር የተጻፈበት፣ ስፒናውን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ አዲስ ሶኬት። እንዲህ ያለው ሶኬት 16 ቢባልም ለሰዓታት በሙሉ ልኩ መሥራት አይመቸውም፤ ለመኪና በ10 መወሰን ይበጃል። አሮጌውን ሶኬት አይመኑት፤ ስፒናው በራሱ ክብደት የሚያጎነብስ ከሆነ ውስጡ ላልቷል።

ለ16 አምፔር፦ ስፒናው የቻይና ከሆነ ለእርሱ የተሠራውን ባለ 16 አምፔር የግድግዳ ሶኬት ይግዙለት። የቻይናው ባለ 10 እና ባለ 16 መጠናቸው ይለያያል፤ የ16ቱ እግሮች ተለቅ ይላሉ፣ ስለዚህ ስፒናውን ይዘው ሱቅ ይሂዱ። ስፒናውን ቆርጦ ሌላ መቀጠል ግን አይገባም፤ አንዳንዱ ስፒና ውስጥ ሙቀት ሲበዛ ቻርጀሩን የሚያስቆም መለኪያ አለ፣ ሲቆረጥ አብሮ ይጠፋል።

ለ32 አምፔር፦ ተራ የግድግዳ ሶኬት ጨርሶ አይታሰብም። ወይ ፋብሪካ ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ፣ ባለ ሦስት ፒን፣ 32 አምፔር የኢንዱስትሪ ሶኬት ይደረጋል፤ ወይም ሳጥኑ ያለ ሶኬት ከራሱ መስመር ጋር በቀጥታ ይታሰራል። ቀዩና ባለ አምስት ፒኑ የስሪ ፌዝ ነው፤ አይሳሳቱ። ቤቱ የራስዎ ከሆነ በቀጥታ ማሰር ይመረጣል፣ የሚላላ ስፒና የለውምና። ተከራይ ከሆኑ ሰማያዊው ሶኬት ይሻላል፤ ሲለቁ ቻርጀሩን ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉ።

በየትኛውም ልክ ዲቫይደር ክልክል ነው። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድም እንዲሁ፤ ጥቅልሉ ሙቀቱን አፍኖ ይዞ ራሱን ያቀልጣል።

6. ሽቦና ብሬከር

ቻርጀር ከፓናሉ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ከሳሎን ወይም ከሰርቪስ ቤት መስመር ላይ ቀንጥቦ መውሰድ አይገባም። ከባለሙያው ጋር ሲነጋገሩ እነዚህን ልኮች በእጅዎ ይያዙ።

10 አምፔር፦ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 16 አምፔር ብሬከር።

16 አምፔር፦ ባለ 4 ሽቦ፣ ባለ 20 ብሬከር።

32 አምፔር፦ ቢያንስ ባለ 6 ሽቦ፣ ባለ 40 ብሬከር። ከፓናሉ እስከ ቻርጀሩ ከ25 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ፣ ወይም ፀሐይ በሚመታው ኮንዲዩት ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ባለ 10።

ብሬከሩን በቻርጀሩ ልክ ማድረግ፣ 32 በ32፣ ትክክል ይመስላል፤ ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ በልኩ ጫፍ ላይ የሚሠራ ብሬከር ግሎ ያለ ምክንያት ይወድቃል። በተቃራኒው «እየወደቀ አስቸገረኝ» ብሎ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ከሁሉ የከፋ ነው። ብሬከር የሽቦው ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ዓይኑን ከጨፈነ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ይነዳል።

ሽቦ ሲገዙ ሁለት ነገር ይፈትሹ። መጀመሪያ ጫፉን በቢላ ፋቅ ያድርጉት። ከላይ ቀይ ሆኖ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ይመልሱት። ሁለተኛ ውፍረቱን በካሊፐር ያስለኩ። ነጠላ ባለ 4 ሽቦ ፕላስቲኩ ተገፎ መዳቡ ብቻ 2.26 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 2.5 ደግሞ 1.78 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል። ጥቅልሉ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው የማይገናኝ ሽቦ አለ።

7. ኧርዝ፦ የማይዘለል ደረጃ

ብዙ ቻርጀር ሲሰካ ቀይ መብራት ያበራና እምቢ ይላል። ኧርዝ ፈልጎ አጥቶ ነው። ብዙ ቤቶቻችን ሶኬታቸው ላይ የኧርዝ ምላስ ቢኖርም ከኋላው ሽቦ የለም። በዚህ ጊዜ «ቀላል ነው» የሚል ሰው ይመጣና ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። ቀዩ መብራት ይጠፋል፣ መኪናው ቻርጅ ይጀምራል፣ ባለቤቱም ያመሰግናል።

የተደረገው ነገር ግን ይህ ነው። የኧርዝ ሽቦ ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር የተገናኘ ነው። ኒውትራሉ በሆነ ቀን ምሰሶ ላይ ቢበጠስ ወይም ቆጣሪው ዘንድ ቢላላ፣ መመለሻ ያጣው 220 ቮልት በዚያች አጭር ሽቦ በኩል የመኪናውን አካል ይይዘዋል። በዝናብ ማግስት በባዶ እግሩ መኪናውን የሚያጥብ ልጅ ያስቡ። እንዲህ እንዲደረግልዎ የሚመክር ሰው ቢመጣ አመስግነው ይሸኙት።

ትክክለኛው መንገድ እውነተኛ ኧርዝ መቅበር ነው። ባለሙያው የመዳብ ዘንግ እርጥበት በማይጠፋበት የግቢው ጥግ ያስገባል፣ ከእርሱም አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ወደ ፓናሉ ይስባል፣ ከዚያም በኧርዝ መለኪያ ይለካል። ከ10 ኦም በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ካልደረሰ ሁለተኛ ዘንግ ራቅ አድርጎ መቅበር ነው። ልኬቱን በበጋ ማስደገም ይበጃል፤ በክረምት ርሶ የነበረው አፈር ሲደርቅ ቁጥሩ ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። ኧርዝ ብቻውን አያድንም። 10 ኦም በሆነ ኧርዝ ላይ 220 ቮልት ቢፈስ የሚያልፈው 22 አምፔር ነው፤ ባለ 40 ብሬከር ለዚህ አይነቃም። ስለዚህ በመስመሩ ላይ አርሲዲ የሚባለው መከላከያ ግድ ነው። አርሲዲ የሄደውንና የተመለሰውን ኤሌክትሪክ እያነጻጸረ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ ከዓይን ጥቅሻ ቀድሞ ይቆርጣል። ሲገዙ 30 ሚሊ አምፔር መሆኑንና ዓይነቱ ታይፕ ኤ መሆኑን ይዩ፤ ታይፕ ኤሲ ለመኪና አይሆንም። ቻርጀሩ መጽሐፍ ላይ የ6 ሚሊ አምፔር የዲሲ መከላከያ እንዳለው ካልተጻፈ ደግሞ ታይፕ ቢ የሚባለውን ይጠይቁ፤ ዋጋው ወደድ ይላል። አርሲዲው ላይ ቴስት የምትል ቁልፍ አለች። በየወሩ ይጫኗት፤ ወዲያው መውደቅ አለበት።

8. አሁን ቻርጀሩን ይግዙ

ሰባት ደረጃ ወጥተው እዚህ ሲደርሱ ግዢው ቀላል ነው፤ የሚፈልጉትን ያውቃሉ። ሱቅ ውስጥ ሳጥኑን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። የአምፔሩ ልክ ከወሰኑት ጋር ይገጥማል? የገመዱ ጫፍ ከፎቶዎ ጋር አንድ ነው? ውጭ የሚሰቀል ከሆነ አይፒ 54 ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎበታል? አይፒ 65 አቧራ የማያስገባ፣ በቧንቧ ውኃ ቢመታም የሚችል ነው። ገመዱ ከሚሰቀልበት እስከ መኪናው መግቢያ ይደርሳል? መግቢያው ከኋላ ይሁን ከጎን አስበው በሜትር ይለኩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ቻርጁን ይቀጥላል? መብራት በሚሄድበት ሰፈር ከዋይፋዩና ከስልክ መተግበሪያው ይልቅ ይህ ይበልጣል።

9. የመጀመሪያዋ ሌሊት

መስመሩ ተዘርግቶ ሲያልቅ ባለሙያውን ወዲያው አይሸኙት። እያንዳንዱ ብሎን መጥበቁን፣ አርሲዲው መውደቁን፣ ኧርዙ ስንት ኦም እንደሆነ በፊትዎ ያሳይዎ፤ ቁጥሩንም ፓናሉ ክዳን ውስጥ ይጻፉት።

ከዚያ ምሽት ላይ መኪናውን ይሰኩና አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ሰዓቱ ሲሞላ የእጅዎን ጀርባ በስፒናው፣ በሶኬቱ ፊትና በብሬከሩ ላይ ያሳርፉ። ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው። እጅዎን አሥር ሰከንድ ማቆየት ካቃተዎት ግን ቻርጁን ከመኪናው ያቁሙ፣ ብሬከሩን ያውርዱ፣ ከዚያ ባለሙያውን ይጥሩ። እየሳበ ያለ ስፒና ከግድግዳ አይነቀልም፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ መኪናው ይቁም፣ ቀጥሎ ግድግዳው። በሁለተኛው ሳምንት ብሬከሩ ወርዶ ብሎኖቹ አንድ ጊዜ ይጥበቁ፤ መዳብ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ቦታውን ሲይዝ ይላላል።

10. ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ፣ ስለ ሒሳቡም

ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ገመድ ማውረድ የሚያጓጓ ነው፤ ግን አይሆንም። ገመዱ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ልጅ ይረግጠዋል፣ መኪና ይሄድበታል። የሚሻለው ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር ተነጋግሮ ከራስ ቆጣሪ እስከ መኪና ማቆሚያው በኮንዲዩት የተቀበረ መስመር መዘርጋት፣ ሶኬቱንም በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ማድረግ ነው። የሕንፃውን የጋራ ቆጣሪ ለመጠቀም ከታሰበ በመስመሩ ላይ ንዑስ ቆጣሪ ይግባ፤ «የማን መኪና ነው መብራታችንን የጨረሰው» ከሚል ጠብ ያድናል።

ሒሳቡን በተመለከተ በቀን 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት በወር 210 ነው። የቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር እርከን ይወጣል። ቤትዎ ቀድሞ 200 ይፈጅ ከነበረ መኪናው ብቻውን ከ400 በላይ ወደሚለው እርከን ያሻግርዎታል። ካርድ ቆጣሪ ያለዎት ደግሞ ሌሊት ላይ እንዳያልቅብዎ ቀድመው ይሙሉት።

ጎረቤቴ ያን ሌሊት ካለፈ በኋላ ከፓናሉ ባለ 6 ሽቦ አስዘረጋ፤ ነገ አምፔሩን ላሳድግ ቢል እንዳይቸገር ነው። አዳፕተሯን ጣላት፤ ለቻይናው ስፒና የራሱን ባለ 16 ሶኬት አስገባለት፣ ከቤቱ ጀርባ ኧርዝ አስቀበረ። ቻርጀሩ ያው የድሮው ነው፤ አንድም ብር አላወጣበትም። ማታ ውሻውን ፈቶ በሩን ከቆለፈ በኋላ ወደ መኪናው ጎራ ይልና የእጁን ጀርባ ሶኬቱ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ይተኛል።